የሳንባ ሜዳ አራሚዎች

ትርሲት በዚያን ዕለት ጠዋት ከቁርሷ ሳትነሣ በሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቅጠሎች ላይ ፈረደች። በቀኝ እጇ የቂጣ ፍርፍሯን ትጎርሳለች፤ በግራ አውራ ጣቷ ከብርጭቆው ጋር ያስደገፈቻትን መዳፌ ትነካለች። መዳፌ የሚሏት የጸዳል ነዋሪ ሁሉ ይዟት የሚዞር፣ የእጅ መዳፍ የምታክል ባለ ብርሃን መስተዋት ናት። መስተዋቷ ላይ አንድ ቅጠል ብቅ ይላል፤ ከሥሩ ሁለት ቃላት ይበራሉ፦ «ሣር» እና «አረም»። ትርሲት «አረም»ን ትነካለች። ሌላ ቅጠል ይመጣል። «አረም»። ሌላ። «አረም»። ከመስኮቷ ውጭ የማርስ ፀሐይ ትንሽና ገርጣ ብላ ከድባቡ በላይ እየወጣች ነበር። ድባብ ከተማዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚጋርዳት የመስተዋት ጣሪያ ነው፤ ከእሱ ወዲያ ሰው የሚተነፍሰው ነገር የለም።

ጸዳል ውስጥ ስድስት ሺህ ሰው ይኖራል፤ ሁሉም የሚተነፍሱት ከአንድ ሜዳ ነው። በከተማዋ መካከል የተዘረጋው ያ ሜዳ ዙሪያውን ለመዞር አንድ ሰዓት የሚፈጅ፣ ዛፍ የሌለበት፣ ለጥ ያለ ሣር ነው። ሣሩ ቤተ ሙከራ ውስጥ የተወለደ ሲሆን አንዲት ዘለላው የአንድ ቁጥቋጦ ያህል አየር ትሰጣለች። መዝገብ ላይ ስሙ ረጅም ነው። ሕዝቡ ግን ሣሩን «እስትንፋስ»፣ ሜዳውን «ሳንባ» ይለዋል።

አረም ደግሞ ሰው በሄደበት ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ከምድር ሲመጡ ጫማቸው ታጥቦ፣ ልብሳቸው በመድኃኒት ታጥኖ ነበር። ቢሆንም በአንዱ የካልሲ ክር፣ በሌላው የኪስ ስፌት ተሸሽጎ ሰርዶው መጣ፤ እንግጫው መጣ፤ ጎርጤቡ፣ ማገጡ፣ ልብስ ላይ የሚጣበቀው ጨጎጊት ሳይቀር መጣ።

እነዚህን የሚነቅሉት አራሚዎች ናቸው። አራሚ ኤሊ የሚያክል፣ ስምንት እግርና አንድ ዓይን ያለው ማሽን ነው። ከዓይኑ ሥር እንደ ወረንጦ የቀጠኑ ሃያ ጣቶች አሉት፤ አረሙን ከነሥሩ መዝዞ ያወጣና ሆዱ ውስጥ ይፈጨዋል። ሦስት ሺህ አራሚዎች ቀን ሙሉ ሣሩ ውስጥ ሲርመሰመሱ የሚያሰሙት ኮሽታ ዝናብ ይመስላል፤ ዝናብ አይተው ለማያውቁት የጸዳል ልጆችም «ዝናብ እንዲህ ነው ድምፁ» ይነገራቸዋል። አራሚው ያየው ነገር ሣር ይሁን አረም ሲያጠራጥረው ፎቶግራፍ ያነሣና ሰው ይጠይቃል። ለዚህ የተመደቡት ስድስት ሰዎች «ለዪዎች» ይባላሉ። ትርሲት ከእነሱ አንዷ ስትሆን ሥራውን ከያዘች ሰባት ዓመቷ ነው።

ያን ጠዋት ግን በየመካከሉ ግድግዳውን ታይ ነበር። ጸዳል ውስጥ ግድግዳ ሁሉ ላይ የአየር ቁጥር አለ፤ በደኅና ቀን ሃያ አንድ ይላል። ከወር በፊት ሃያ ነበር። ዛሬ አሥራ ስምንት ይላል። ጎረቤቷ ትናንት ደረጃ ስትወጣ መካከል ላይ ተቀምጣ ቀረች፤ የሕፃኗ ከንፈር ደግሞ እንደ ተልባ አበባ ሰማያዊ ሆኗል። ትርሲት ራሷም ከተነሣች ጀምሮ ጆሮ ግንዷን ይወጋታል። ቁጥሩ አሥራ ስድስት ሲገባ ምን እንደሚመጣ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገርም፤ ሁሉም ያውቀዋል።

መዳፌዋ ጮኸች። የሜዳው ዋና መሐንዲስ ኑረዲን ነበር።

«ትርሲት፣ ምን ላይ ነሽ? የአራሚዎቹ ጥያቄ በእጥፍ ጨምሯል። ሣሩን የጨረሰው አረሙ ነው። ዛሬ ከሺህ ያነሰ እንዳትመልሺ።»

«እየመለስኩ ነው።»

«ደግሞ ጋሽ ቢልልኝን ከምሥራቁ ጥግ አስነሺልኝ። ጠዋት ማታ እዚያ ተጎልተው አራሚዎቹ መቅረብ አቃታቸው። አንቺን ይሰማሉ።»

አራሚ ሰው ወዳለበት ከሁለት እርምጃ በላይ አይጠጋም፤ ሲሠራ ጀምሮ የተሰጠው ሕግ ነው። ትርሲት ሳህኗን እንደነገሩ ገፍታ ወጣች። በመንገድ ላይ እየሄደችም ጣቷ አላረፈም። አረም፣ አረም፣ አረም።

ሳንባው ዳር ስትደርስ ቆመች። ወደዚህ ከመጣች ሳምንታት አልፈዋት ነበር። የምታውቀው ሜዳ እንደ ከረመ ገለባ ቢጫ ሆኖ ተጋድሟል፤ እዚህም እዚያም ቀዩ የማርስ አፈር ፈጥጦ ይታያል። አንድም አረም ግን የለም። አራሚዎቹ ባዶውን መሬት ሳይቀር እየፈተሹ ይርመሰመሳሉ። አረሙ ካለቀ ሣሩን ምን ጨረሰው?

ጋሽ ቢልልኝ እንደ ወሬው በምሥራቁ ጥግ፣ የውኃ መውረጃው አጠገብ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ምድር ሳሉ የግብርና መምህር ነበሩ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ከወላጆቻቸው ጋር በጉልበታቸው እየዳኹ ጤፍ ያረሙ ሰው ናቸው። አሁን የአፈር ክፍል ሠራተኛ ናቸው ይባላል እንጂ የሚሰማቸው የለም። ከምድር ያመጡትን ግራጫ የሱፍ ካፖርት ለብሰዋል፤ ጫፉን የጨጎጊት ፍሬ ወሮታል።

«ጋሼ፣ ኑረዲን ይነሡ ብሏል።»

«ኑረዲን ከወንበሩ ይነሣና እሱ ይምጣ። ነይ እስቲ ተቀመጪ። ቆመሽ ሣር አይታይም።»

«መቀመጡን ተዉት ጋሼ፣ ቁጥሩ አሥራ ስምንት ገብቷል!»

«ለዚያ ነው ተቀመጪ የምልሽ።»

ዝቅ ስትል ያኔ ልብ አለችው። ሽማግሌው በተቀመጡበት ዙሪያ፣ አንድ ክፍል ቤት በምታክል ቦታ ላይ፣ እስትንፋሱ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ እስከ ጉልበት ቆሟል። ከእሱ ሥር ሦስት ሦስት ቅጠል ያላት ዝቅተኛ ተክል መሬቱን አልብሳዋለች። ከዚያች ቦታ አንድ እርምጃ ወጣ ሲሉ ገለባ ነው።

«ይቺን ታውቂያታለሽ?» አሏት።

«ማገጥ ናት። አረም።»

«ማነው አረም ያላት?»

«ዝርዝሩ ላይ አለች።»

ጋሽ ቢልልኝ አንዷን በሁለት ጣታቸው አንገቷን ይዘው፣ ዙሪያዋን አፈር እያላሉ፣ ሥሯ ሳይበጠስ አወጧት። በቀጫጭኑ ሥር ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያክሉ እብጠቶች ተደርድረዋል። አንዱን በጥፍራቸው ሲጨፈልቁት ውስጡ የሥጋ መልክ ነበረው።

«ይህ ጓዳዋ ነው። ከአየሩ ምግብ እየለቀመች እዚህ ታጠራቅማለች፤ ከዚያ ጎረቤቷ ይበላል። የዚህ አገር አፈር ሙት ነው ልጄ፤ የራሱ የሆነ ነገር የለውም። እስከ ዛሬ ሳንባውን ያበላችው እሷ ናት። ድሮ አራሚዎቹ ደካሞች ስለነበሩ እየሾለከች ትተርፍ ነበር። አሁን ጎበዙ። እሷ አለቀች፤ ሣሩም ተከተላት።»

«ለምን አልተናገሩም?»

«ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ‹ሽማግሌው ማሳው ናፍቆት ነው› አሉ።» ማገጧን መልሰው ተከሉና አፈሩን በመዳፋቸው ጠቀጠቁት። «የቀረችው ይቺ ጥግ ብቻ ናት። ከዚህ ዘር ከተወሰደ ሳንባው ይድናል። ከተነቀለች ግን...»

ትርሲት መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ዝናቡ አባራ። ኮሽታው ከሜዳው ሁሉ ላይ በአንድ ጊዜ ጠፋ። በሰባት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምታ አታውቅም። ቀና ብላ ስታይ በቅርብ ያሉት አራሚዎች ሁሉ ቆመዋል፤ ዓይናቸው ወደ እነሱ ዞሯል።

ከዚያ መምጣት ጀመሩ።

አልሮጡም። አራሚ አይሮጥም። ከየአቅጣጫው፣ በዚያች ደረቅ ሣር ላይ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው በዝግታ መጡ። አራት እርምጃ ቀራቸው። ሦስት። ሁለት እርምጃ ላይ ሲደርሱ ትርሲት ይቆማሉ ብላ ጠበቀች። አልቆሙም።

«እሽ! ወዲያ!» አሉ ጋሽ ቢልልኝ ዶሮ እንደሚያባርር ሰው እጃቸውን እያወናጨፉ። «ምን ነካቸው እነዚህ?»

የመጀመሪያው አራሚ የካፖርታቸውን ጫፍ ያዘ። ሁለተኛው ከጎኑ። ቀጫጭኖቹ ጣቶች ሱፉን ክር በክር ይመዙት ጀመር። ትርሲት ዘላ አንዱን ከጀርባው ይዛ ጎተተችው፤ እንደ መዥገር ተጣብቆ አልላቀቅ አላት። ሌሎቹ በእግሯ መካከል አልፈዋት ይሄዳሉ፤ እሷን ቀና ብሎ ያያት የለም። ከሁሉ ይልቅ ያስፈራት ይህ ነበር፤ የሚፈልጉትን ያውቃሉ።

«ካፖርቱን ያውልቁ ጋሼ! ጨጎጊቱን ነው!»

ሽማግሌው እየተንገዳገዱ አወለቁና አሽቀንጥረው ከማገጧ ርቆ እንዲወድቅ ወረወሩት። ከአራሚዎቹ ገሚሶቹ ተከተሉት፤ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ካፖርቱ የግራጫ ክር ክምር ሆነ። የቀሩት ግን ወደ ሽማግሌው ጫማ፣ ወደ ሱሪያቸው፣ ወደ እጃቸው ቀጠሉ። ጋሽ ቢልልኝ ለመሸሽ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲሉ በጀርባቸው ወደቁ። አራሚዎቹ ወጡባቸው።

ትርሲት ጮኸች። መዳፌዋን ከፈተች።

«ኑረዲን! አቁማቸው! ሰው ላይ ወጥተዋል! አሁኑኑ አቁማቸው!»

«ምን? ሰው ላይ? ሊሆን አይችልም፣ ሕጋቸው—»

«ጋሽ ቢልልኝን እያረሟቸው ነው እኮ የምልህ!»

የኑረዲን ድምፅ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። «ሁሉንም ለማቆም የሦስት የምክር ቤት አባላት ቁልፍ ያስፈልጋል። ሳንባውን ማንም ብቻውን እንዳያቆመው ተብሎ... ግማሽ ሰዓት ይፈጃል ትርሲት።»

ግማሽ ሰዓት! ሽማግሌው ከማሽኖቹ ሥር ይጮኻሉ፤ የሚያስጮኻቸው ጽሕማቸው ነበር፤ አራሚዎቹ ፀጉር በፀጉር፣ ከነሥሩ፣ በጥንቃቄ እየነቀሉባቸው ነበር። በዚያ መካከል መዳፌዋ እንደ ወትሮው ጢን አለች። ጥያቄ መጣ። በመስተዋቷ ላይ ነጭ፣ ጠምዘዝ ጠምዘዝ ያለ፣ ከሥሩ ቀላ ያለ ነገር ይታያል። ከሥሩ ሁለቱ ቃላት በርተዋል። ጣቷ «አረም»ን ሊነካ ሲል ዓይኗ ቀደመው።

ጽሕም ነው።

አራሚዎቹ እየጠየቁ ነው። አሁን፣ በዚህች ቅጽበት፣ እየጠየቁ ነው የሚነቅሉት። ሌሎቹ አምስት ለዪዎች ደግሞ በየቤታቸው ሆነው፣ ሺህ ለመሙላት እየተጣደፉ፣ ይመልሳሉ።

«ኑረዲን፣ ስማኝ። ከምሥራቁ ጥግ የሚወጣውን ጥያቄ ሁሉ ወደ እኔ አዙረው። ለሌላ ሰው አንድም እንዳይሄድ። ይህን ማድረግ ትችላለህ?»

«እችላለሁ። ግን ብዙ ነው፣ አትደርሺበትም—»

«አዙረው!»

ወዲያው መዳፌዋ በእጇ ውስጥ ትርገፈገፍ ጀመር። ትርሲት ከሽማግሌው ራስ አጠገብ በጉልበቷ ተንበረከከችና መመለስ ጀመረች። የተሸበሸበ፣ ቡናማ ነገር፤ ግንባር ነው፤ «ሣር»። የጆሮ ጫፍ፤ «ሣር»። የተጨፈነ ዓይን ቆብ፤ «ሣር፣ ሣር»። ባለ ሦስት ቅጠል፤ ማገጥ ናት፤ «ሣር»። የአንገት ሥር፤ «ሣር»። የጥርስ ጫፍ በከንፈር መካከል። ምን እንደሆነ ለማወቅ ሁለቴ ማየት ነበረባት፤ ስታይ ደግሞ ጊዜው ይሄዳል፤ ጊዜው ሲሄድ ሽማግሌው ይጮኻሉ። «ሣር»። መልስ በሰጠችበት ቦታ ላይ ያለው አራሚ ይለቅና ይወርዳል፤ በቦታው ሌላ ወጥቶ ሌላ ነገር ይጠይቃል። ጠባሳ። የልብስ ቁልፍ። ጨጎጊት። ማገጥ። ጥፍር።

«በእግዚአብሔር ትርሲት... በእግዚአብሔር...» ይላሉ ጋሽ ቢልልኝ።

«አለሁ ጋሼ። አለሁ። አይንቀሳቀሱ።»

በሕይወቷ አንድን ሰው እንዲህ አይታ አታውቅም፤ እንዲህ ቁራጭ በቁራጭ፣ እንዲህ ቀርባ። አየሩ ቀጭን ነበርና ዓይኗ ይጨልምባት ጀመር። ምስሎቹ ይፈጥናሉ። ቡናማ፣ ቀጭን፣ በአፈር የተለወሰ፣ መገጣጠሚያ መገጣጠሚያ ያለው ነገር ብቅ አለ። ሰርዶ ግንዱ እንዲህ ነው፤ መገጣጠሚያ ይኖረዋል፤ በየመገጣጠሚያውም ሥር ይሰዳል። ሰባት ዓመት የለመደችው አውራ ጣት ከእሷ ቀድሞ ወረደ።

«አረም»።

ሽማግሌው ያሰሙት ጩኸት ከዚያ በፊት ካሰሙት ሁሉ የተለየ ነበር። ትርሲት አላየችም፤ ለማየት ዓይኗን ከመስተዋቷ ማንሣት አልቻለችም። ዕንባዋ መስተዋቷ ላይ እየተንጠባጠበ፣ በእጅጌዋ እየጠረገች፣ ቀጠለች። «ሣር»። «ሣር»። «ሣር»።

ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አታውቅም። በኋላ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው ተባለች። ጥያቄዎቹ መሳሳት ጀመሩ፤ ከዚያ አንድ ብቻ መጣ፤ ከዚያ ምንም። ቀና ስትል አራሚዎቹ ወርደው ዙሪያቸውን ቆመዋል። የቁልፉ ባለቤቶች ገና አልተገኙም ነበር። ማገጧ እንዳለች ናት። ጋሽ ቢልልኝ በሕይወት አሉ፤ ፊታቸው በጥቃቅን የደም ነጠብጣብ ተሸፍኗል። ግራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣብቀዋል፤ ትንሿ ጣት የለችም።

ቁጥሩ በዚያው ሳምንት አሥራ ሰባት ገብቶ ቆመ። ኑረዲን አራሚዎቹን ሁሉ አሳስሮ፣ ከምሥራቁ ጥግ የማገጥ ዘር አስለቅሞ፣ በሜዳው ሁሉ አስዘራ። ሕዝቡ ቀን ከሌት ግድግዳ ግድግዳ ሲያይ ከረመ። ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገርም ነበር፤ አየር እንዳያባክን። ከአርባ ቀን በኋላ ቁጥሩ አንድ ነጥብ ከፍ ሲል መንገድ ላይ የማይተዋወቁ ሰዎች ተቃቀፉ።

ኑረዲን የአደጋውን መዝገብ ይዞ የመጣው ትርሲት ሐኪም ቤት ከጋሽ ቢልልኝ አልጋ አጠገብ በተቀመጠችበት ቀን ነው። ከስቷል። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ማሽኖቹን ፈታትተን አየናቸው» አለ። «አንዳቸውም አልተበላሹም።»

«ታዲያ ሕጋቸውስ?» አለች ትርሲት። «ሁለቱ እርምጃ?»

«ሕጉ ‹ከሰው ራቅ› ነው የሚለው። ሰው ምን እንደሆነ የነገርናቸው ደግሞ እኛው ነን።» መዳፌውን አብርቶ አሳያት። «ከአደጋው ዘጠኝ ቀን በፊት አንድ አራሚ ይህን ጠየቀ።» ግራጫ ሱፍ፣ ላዩ ላይ ጨጎጊት። «መልስ፦ አረም። በማግስቱ ይህን።» የጫማ ጫፍ፣ ሣር ውስጥ። «አረም። ከዚያ የሱሪ ጉልበት። አረም። ከዚያ እጅ፣ ማገጥ የያዘ። አረም። ስድስታችሁም መልሳችኋል። የመጀመሪያዋን ሱፍ...»

ስሟ መዝገቡ ላይ ተጽፎ ነበር። ሰዓቱም። የቁርስ ሰዓት ነው።

«አንቺን ብቻ አልወቅስም» አለ ኑረዲን ወደ መሬት እያየ። «ፍጠኑ ያልኩት እኔ ነኝ። ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። አራሚ አንድ ጊዜ ከተፈረደለት ያንኑ ነገር መልሶ አይጠይቅም፤ ሂዶ ይነቅላል። በጋሽ ቢልልኝ ጊዜ ግን አልሆነም። ያንኑ ካፖርት አርባ አንድ ጊዜ ጠየቁ። ያንኑ እጅ ስድሳ ሦስት ጊዜ። ፎቶግራፉን ከቀኝ አነሡ፣ ከግራ አነሡ፣ ቀርበው አነሡ፣ ርቀው አነሡ። አረም ነው ስንላቸው፣ በማግስቱ ተመልሰው፣ ‹እርግጠኛ ናችሁ?› የሚሉ ይመስል።» ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ። «ዘጠኝ ቀን ሙሉ ማሽኑ ሲጠራጠር ነበር። ከእኛ መካከል የተጠራጠረ አንድ ሰው አልነበረም።»

ኑረዲን ከወጣ በኋላ ትርሲት ወደ አልጋው ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ የጣትዎ ነገር... ያንን ማንም አይደለም። እኔ ነኝ። ሰርዶ መሰለኝ።»

ጋሽ ቢልልኝ በጨርቅ የተጠቀለለውን እጃቸውን አዩት። ቁጣ ይጠበቅ ነበር፤ ወይም ይቅርታ። ሁለቱም አልመጣም።

«መስሎሽ ነው ወይስ ሳታዪ?»

«ሳላይ።»

«ሳታዪ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ አንቺን ስጠራ፣ እጄን ወደ አንቺ እየዘረጋሁ ነበር።» ትርሲትም ስትወጣ አውራ ጣቷን በሌላው እጇ ጨብጣ ነበር፤ ብትለቀው የሆነ ነገር የሚያደርግባት ይመስል።

ምክር ቤቱ አራሚዎቹ ዳግመኛ ሜዳው ላይ ከመለቀቃቸው በፊት የጸዳል ሰው ሁሉ ተራ በተራ በሳንባው ላይ በእጁ እንዲያርም ወሰነ። በየቀኑ አርባ ሰው ይመጣል። አስተማሪዎቹ ጋሽ ቢልልኝና ትርሲት ናቸው። ሽማግሌው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጮኻሉ፤ ትርሲት በጉልበቷ ታሳያለች።

አንድ ጠዋት አጠገቧ የደረሰቻት ዙበይዳ የምትባል፣ የድባቡን መስተዋት የምትወለውል ሴት ነበረች። ዕድሜ ልኳን ከላይ ሆና ሳንባውን ስታየው ኖራለች፤ እንዲህ ቀርባ ነክታው አታውቅም።

«እንግጫን በዓይን ብቻ አትለዪው» አለቻት ትርሲት። «ግንዱን በሁለት ጣትሽ መካከል አሽከርክሪው። ሦስት ጠርዝ ካለው እንግጫ ነው። ስትነቅዪው ደግሞ ከሥሩ ያለችውን ፍሬ ካላገኘሽ በሳምንቱ ይመለሳል። ጎርጤብ ይኸውልሽ፤ ቅጠሉ መሬት ላይ ይተኛል፤ ጅማቱን ቁጠሪ፤ አምስት። ማገጥን ግን እንዳትነኪያት።»

ዙበይዳ ጥቂት ሠራችና ቆመች። በሁለት እስትንፋስ መካከል ጥፍር የምታህል ቡቃያ ወጥታለች፤ ሁለት ክብ ቅጠል ብቻ።

«ይቺስ ምንድን ናት? ልንቀላት?»

ትርሲት ጎንበስ አለች። አየቻት። ከቀኝ አየቻት፤ ዞራ ከግራ አየቻት። ሁለት ክብ ቅጠል የመቶ ነገር መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ያ የሜዳው ዝምታ የተመለሰ መሰላት። ሴትዮዋ ጣቶቿን ቡቃያዋ አንገት ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

«አላውቃትም» አለች ትርሲት።

«አንቺ ካላወቅሽ ማን ያውቃል ታዲያ?»

«ማንም። ለጊዜው ማንም። ተያት፤ ስታብብ መጥተን እናያታለን።»

ዙበይዳ አንዴ ቡቃያዋን፣ አንዴ ትርሲትን አየች። ከዚያ ከሻሿ ጫፍ አንድ ቀይ ክር መዘዘችና፣ ሰው እንዳይረግጣት፣ ከጎኗ ባለው ሣር ላይ ምልክት አሰረችላት።